የመርፌዋ ሲቲ

በ2006 ዓ.ም. ግራና በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ በአዋላጅ ነርስነት ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከወልድያ ወጥቼ ስኖር የመጀመሪያዬ ስለሆነ እናቴ ሽሮና በርበሬ ቋጥራ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ፤ ባሕር ማዶ የምሄድ ይመስል አለቀሰች። መርሳ ወርጄ ሌላ መኪና ያዝኩ። መንገዱ ግራና ቀኙ ማንጎና ፓፓያ ነበር፤ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር አቧራው መኪናችን ውስጥ ይገባል። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስወርድ አንዲት ረጅም ጠይም ሴት ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ ቆማለች።

«አዲሷ አዋላጅ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ሻንጣዬን ከእጄ ወሰደችው።

«አዎ፣ ፍሬሕይወት እባላለሁ።»

«ፍሬ ይበቃል። እኔ ሲቲ ነኝ፣ የላይኛው ቀበሌ ጤና ኬላ። የመርፌዋ ሲቲ ካላልሽ ግን ማንም አያሳይሽም። ሌላ ሲቲ አለች፣ እሷ የወፍጮዋ ሲቲ ናት።»

እንዲህ ተዋወቅን። አሁን ወልድያ ከተማ ውስጥ በረንዳና ቧንቧ ያለው ቤት እየኖርኩ፣ ከሁሉ የሚናፍቀኝ ያ የግራና ዘመኔ ነው። ከዘመኑም ይልቅ ሲቲ።

ሲቲ የማሽላ ገበሬ ልጅ ናት። መርሳ ቤት ተከራይታ አሥረኛ ክፍልን ጨረሰች፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሲመለመሉ ተመርጣ ወልድያ አንድ ዓመት ሠለጠነች። በ1998 ወደዚያች ቀበሌ ስትመለስ መንግሥት የሰጣት አንድ ክፍል ቤት፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ካርቶን የወሊድ መከላከያ መርፌ ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት መርፌ ብላ ወደ ጤና ኬላው የመጣች ሴት አልነበረችም። ስለዚህ ወደ ሴቶቹ የምትሄደው እሷ ሆነች። ሽንኩርት ሲነቅሉ አብራ ትነቅላለች፤ ወንዝ ወርዳ ልብስ አብራ ታጥባለች። ወሬው ወሬን እየጎተተ ሲመጣ ስንት እንደወለዱ፣ ስንት እንደቀበሩ፣ መቼ ማረፍ እንደሚፈልጉ ትጠይቃቸዋለች።

ቀጠሮ የምትሰጠው በቀን ቁጥር አልነበረም። «ማሽላው ሲያሽት ነይ» ትላለች፤ «ከረመዳን በፊት ነይ»፣ «ሽንኩርቱ ሊነቀል ሲል ነይ»። እኔ የሦስት ወር ሠንጠረዥ እያየሁ ከምሰጠው ቀጠሮ የሷ ያነሰ ስህተት ነበረው።

ብዙዎቹ ሴቶች የቀጠሮ ካርዳቸውን ቤታቸው አይወስዱም። ባል እንዳያይባቸው ሲቲ ዘንድ ያስቀምጡታል። ከነዚህ አንዷ ዘሀራ ነበረች፤ የአምስት ልጆች እናት ናት፤ አምስተኛውን ስትወልድ ደም ፈሷት ለጥቂት የተረፈች። ባሏን ጀብሪልን ስለምትፈራ በየሦስት ወሩ «ጨው ልገዛ» እያለች ትወጣና ተወግታ ትመለሳለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ቆየች። አንድ ቀን ከሲቲ ጋር ጤና ኬላው ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ጀብሪል ራሱ በሩ ላይ ብቅ አለ። ሲቲ ደንግጣ ተነሣች።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ፤ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«ወአለይኩም ሰላም አያ ጀብሪል። ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«አልሐምዱሊላህ። ዘሀራን ወባ ጥሏታል፣ ከአልጋ አልተነሣችም። እና…» ጉሮሮውን ጠረገ። «የጨው ቀኗ ዛሬ አይደለም? እንዳያልፋት ብዬ ነው።»

ሲቲ ሳቋን ለመዋጥ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የወደቀ ነገር የምትፈልግ መሰለች። ጀብሪል ግን አልሳቀም። «ያን ጊዜ ደሟ ሲፈስ እኔ ነበርኩ የተሸከምኳት» አለ። «ሼሁንም ጠይቄያቸዋለሁ። የእናት ነፍስ ለማትረፍ፣ ልጅ ለማራራቅ ከሆነ ኀጢአት የለውም ብለውኛል። እኔ ማወቄን እንዳትነግሪያት፣ ታፍራለች።» ሲቲ መርፌዋን ሸሽጋ፣ ወባዋን ልታይ የመጣች መስላ አብራው ሄደች። ዘሀራ ባሏ ማወቁን የሰማችው ከዓመታት በኋላ ነው።

ሁሉም እንደ ጀብሪል አልነበረም። ከቀበሌው ዳር አለሚቱ ብዬ የምጠራቸው አሮጊት ይኖሩ ነበር፤ እውነተኛ ስማቸው አይደለም፣ ምክንያቱን ታሪኩ ራሱ ያሳያል። ከደጋው ወርደው የሰፈሩ፣ እንዲሁ ማሩ የምለው አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ባልቴት ናቸው። ሲቲ በመጀመሪያው ዓመቷ ወደ ግቢያቸው ስትገባ «የሰው ዘር ልታደርቂ መጣሽ!» ብለው ውሻቸውን ለቀቁባት። ባቷ ላይ የጥርሱ ምልክት እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ በኋላ በደጃቸው ባለፈች ቁጥር «እንደምን አደሩ እማማ» ትላለች፤ እሳቸው መልስ አይሰጧትም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበሩ።

«ለምን አትተዪያቸውም?» አልኳት አንድ ጊዜ።

«ሰላምታ ምን ይከብዳል?» አለችኝ። «ደግሞ አንድ ልጅ ብቻ የቀረላት ሴት መርፌ ብትፈራ አይገርመኝም። ሌሎቹን አራቱን ቀብራለች።»

በየወሩ መጨረሻ የአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ጤና ጣቢያው ይመጡና የምናውቀውን እንማማራለን። አንድ ወር ላይ ስለ ድንገተኛው የወሊድ መከላከያ አስተማርኩ። ሴት ብትደፈር ወይም መከላከያ ሳትወስድ ብትቀር በሦስት ቀን፣ ቢዘገይ በአምስት ቀን ውስጥ የሚወሰድ ኪኒን መኖሩን፣ እሱ ከጠፋ ደግሞ በየቀኑ የሚዋጠው የተለመደ ኪኒን በተለየ መጠን ሊተካው እንደሚችል ነገርኳቸው። ሌሎቹ ለሻይ ሲጣደፉ ሲቲ ደብተሯን ይዛ ቀረች። ስንት ፍሬ፣ በስንት ሰዓት ልዩነት፣ ብታስመልስስ እያለች አንድ በአንድ አስጻፈችኝ። ያን ቀን ችክ ማለቷ ትንሽ አሰልችቶኝ እንደነበር አልደብቅም።

ነሐሴ 2013 ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደረሰ። ወልድያ ተያዘች ሲባል የእናቴን ስልክ ሞከርኩ፤ መስመሩ ተቆርጧል። የከባድ መሣሪያው ድምፅ እየቀረበ መጣ። የሰባት ወር ልጄን በረከትን አዝዬ ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር በእግር ወደ ውርጌሳ ልንነሣ ስንል ሲቲ መጣች። ልብሷ በጭቃ ተለውሷል።

«የጤና ኬላውን መድኃኒት ጉድጓድ ውስጥ እያስገባን ነው» አለችኝ። የማሽላ ጉድጓዳቸው አዲሱ እህል ስላልደረሰ ባዶ ነበር። ከባሏ ከአብዱሰመድ ጋር የመከላከያ መርፌውን፣ ኮንዶሙን፣ ጓንቱን፣ የሴቶቹን ካርድና የራሷን ደብተር በፌስታል ጠቅልለው ቀብረው፣ ላዩን በገለባና በእበት ለስነውታል።

«ተይው አሁን፣ ነይ አብረን እንሂድ» አልኳት።

«አማቴን ማን ይሸከማታል? ከወገቧ በታች እኮ አትንቀሳቀስም። አንቺ ሂጂ፣ ልጅ ይዘሻል።» ጃንጥላዋን ዘርግታ በረከት ላይ አጠላችለት፤ ከዚያ አጥፋ እጄ ውስጥ አስያዘችኝ። «ፀሐይ ነው፣ ሲመችሽ ትመልሺልኛለሽ።»

ጃንጥላው ደሴ ላይ ጠፋብኝ። ደሴም ስትያዝ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸሁ። ከዚህ በኋላ የምጽፈውን አላየሁትም፤ ሲቲ በብዙ ቀናት፣ አንዳንዱንም በግድ፣ የነገረችኝና ሌሎች ኋላ ያሟሉልኝ ነው።

ጤና ኬላው በሁለተኛው ሳምንት ተዘረፈ። የታጠቁ ሰዎች መጥተው አልጋውን፣ የፀሐይ መብራቱን፣ በሩን ሳይቀር ነቅለው ወሰዱ። የጤና ጣቢያውም ነገር ያው ሆነ። መርሳ ያሉት መድኃኒት ቤቶች ተዘግተዋል። ሴቶቹ ግን ቀጠሯቸውን አልረሱም። ማሽላው ማሸት ጀምሯል፤ «ማሽላው ሲያሽት ነይ» ያለቻቸው ሁሉ መምጣት ጀመሩ።

ግቢዋ ውስጥ ሰው ከበዛ ይጠረጠራል፤ በዚያ ወራት ሰው የማይጠረጠርበት አንድ ቦታ ለቅሶ ቤት ብቻ ነበር። ለቅሶ ደግሞ በየሰፈሩ አለ። ሲቲ መርፌውን በሻሿ ሸሽጋ ትሄዳለች፤ ከሐዘንተኛው ጋር ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ለብዙዎቹ ሟቾች ልጆች ክትባት የሰጠችው እሷ ስለነበረች ለቅሶዋ የውሸት አልነበረም። ከዚያ ወደ ጓሮ ስትወጣ ቀጠሮ ያላት ሴት ተከትላት ትወጣለች። ዘሀራ የተወጋችው በገዛ ወንድሟ ለቅሶ ላይ ነው። «ክንዴን ስሰጣት እንባዬ አልደረቀም ነበር» ብላኛለች፤ «ግን አሁን ባረግዝ በዚህ ቀን ማን ያዋልደኛል?»

የቀበረችው መርፌ መስከረም አጋማሽ ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ለሚመጡት የምትሰጣቸው ኮንዶምና ምክር ነበር፤ ቀን መቁጠር ታስተምራቸዋለች፤ አንዳንዶቹን ለጊዜው ከባሎቻቸው ተለይተው ከልጆቻቸው ጋር እንዲተኙ ትመክራቸዋለች። ለራሷ የቀራት አንድ የተጀመረ የኪኒን እሽግ ነበር። ሲቲ መርፌ አይስማማትም፤ ወስዳው ሁለት ወር ደም እየፈሰሳት ስለተሠቃየች ሴቱን ሁሉ በመርፌ እያገለገለች እሷ ኪኒን ነበር የምትውጠው። ከአብዱሰመድ ጋር ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ይበቃናል ብለው ተስማምተዋል።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ቀን በቀትር፣ ሰው ሁሉ ሐሩሩን ሸሽቶ ቤት በገባበት ሰዓት፣ የግቢዋ አጥር ተነቃነቀ። ስትወጣ አለሚቱ ቆመዋል። ከኋላቸው ነጠላ ተከናንባ የልጃቸው የማሩ ሚስት አለች። ማሩ በነሐሴ ከሸሹት ጋር ወደ ደሴ ሄዷል፤ ከተጋቡ ዓመት ከጥቂት ወር ቢሆናቸው ነው።

«ሲቲ» አሉ አሮጊቷ፤ ስሟን ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነበር። «ፊቴን አይተሽ አትመልሺኝ።»

«ምን ሆኑ እማማ? ይግቡ፣ ደጅ አይቁሙ።»

ገብተው ተቀመጡ። ልጅቱ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ እጇ ላይ የጣት ምልክት አለ። አለሚቱ መናገር ጀምረው ሁለት ጊዜ አቋረጡ።

«እኔ ወንዝ ወርጄ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «መሣሪያ የያዙ ናቸው። ብቻዋን አገኟት።»

ሲቲ ማን፣ ስንት፣ እንዴት ብላ አልጠየቀችም። ልጅቱ ፊት በርከክ አለችና «ስንተኛ ቀንሽ ነው እህቴ?» አለቻት።

ልጅቱ ሦስት ጣቷን አሳየቻት።

ሲቲ ውኃ አሞቀች። ቁስሏን አጠበችላት። ከዚያ አብዱሰመድን አማቷ ዘንድ እንዲቀመጥ ልካ ጉድጓዱን ራሷ ከፈተችና ደብተሩን አወጣች። ድንገተኛው ኪኒን ከጦርነቱ በፊት አልቆባታል። ያላት የራሷ እሽግ ነው። ደብተሯ ላይ የጻፈችውን ደጋግማ አነበበች። ቁጥሩን ተሳስቼ ጽፌው እንደሆነስ? ፍሬ እየነገረችኝ ሐሳቤ ተሰርቆ እንደሆነስ? ስልክ የለ፣ የምትጠይቀው ሰው የለ። «ወላሂ ፍሬ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተመኘሁሽ ጊዜ የለም» ብላኛለች። ነጩ ፍሬ መድኃኒቱ፣ ቡናማው የደም ማነስ ብረት መሆኑን አረጋግጣ ነጩን ለየች።

«ይኸ እርግዝና እንዳይዝሽ የሚከላከል ነው» አለቻት። «መቶ በመቶ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ቶሎ በመምጣትሽ ግን ተስፋ አለው። ያቅለሸልሽሻል፣ አትደንግጪ።»

ልጅቱ ዋጠች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አስመለሰችው። ሲቲ ሌላ ሰጠቻት፤ ቀጥሎ የሚዋጠውንም ቆጥራ ለአለሚቱ አስረከበች። እሽጉ ውስጥ የቀሩት ነጮች ሦስት ብቻ ነበሩ።

«ይኼ ያንቺ የራስሽ ነው እንዴ?» አሉ አለሚቱ፤ አሮጊት ቢሆኑም ዐይናቸው ነገር አያመልጠውም።

«ሌላ አለኝ እማማ» አለች ሲቲ። አልነበራትም።

ልጅቱን ሁለት ቀን ቤቷ አስተኛቻት። ጎረቤት ለጠየቀ ወባ ነው አለች። በግንኙነት ለሚተላለፉ በሽታዎች የሚሰጠው መድኃኒት በእጇ ስላልነበረ፣ መንገድ ሲከፈት ሆስፒታል ሄዳ እንድትመረመር ነገረቻት። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነበር። ሲቲ በየቀኑ ከዙሁር ሶላት በኋላ ዱዓ ታደርግላታለች፤ አለሚቱ ከወንዙ ማዶ ያለችው ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ይሳላሉ። ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ አለሚቱ አጥሩ ጋ መጡ። አልገቡም።

«አበባዋ መጣ» አሉና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው አለቀሱ። ሲቲ ወጥታ አቀፈቻቸው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያልተመለሰ ሰላምታ ነበራቸው፤ ያን ቀን ግን ማናቸውም አላነሡትም።

አብዱሰመድ ኪኒኑ ማለቁን ሲሰማ «ወዴት ሄደ?» አላት።

«ለሰው ሰጠሁት።»

ቤታቸው ማን መጥቶ እንደነበር ያውቃል። ደግሞ አልጠየቀም። «እንግዲያው እንጠንቀቅ» አለ ብቻ። ኮንዶሙ እስካለ ተጠነቀቁ፤ ሲያልቅ ቀን ቆጠሩ። ግን ያ ጊዜ ቀን የሚቆጠርበት አልነበረም። አማቷ በጥቅምት ሞቱ፤ ሦስት ቀን ተኩስ ስለነበረ ግቢያቸው ውስጥ ቀበሯቸው። «ሁለታችንም እናለቅስ ነበር» አለችኝ ሲቲ፤ «ሌላ ምን ልበልሽ?»

እኔ የተመለስኩት በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። የጤና ጣቢያው መስኮት ወልቋል፤ የማዋለጃ አልጋው የለም፤ የሕሙማን ካርድ ግቢው ውስጥ ተበትኖ ዝናብ መትቶታል። መጥረጊያ ይዤ ቆሜ ከየት እንደምጀምር ሳስብ ሲቲ በሩ ላይ መጣች። ከስታለች፤ የፊቷ አጥንት ወጥቷል። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን።

«ጃንጥላሽ ጠፋብኝ» አልኳት፤ ከዚያ ሁሉ ነገር በኋላ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነበር።

«እኔም የጠፋብኝ ነገር አለ» አለች። «ወሬ ልንገርሽ፣ ግን አትሳቂ። አበባዬ ሁለት ወር ቀርቶብኛል።»

አልሳቅኩም። ስለ ኪኒኑ ነገረችኝ፤ ስም አልጠራችም። ደብተሯን አውጥታ ገጹን አሳየችኝ። «ትክክል ነበርኩ?» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ይህን ስነግራት የታፈነ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ሦስት ወር የያዘችው ይመስለኛል።

«አንቺስ አሁን ምን አሰብሽ?» አልኳት። የምትፈልገውን እንደማደርግላት ታውቃለች። በዚያ ሰሞን ተደፍረው አርግዘው ለመጡ ሴቶች ሕጉ የሚፈቅድላቸውን አገልግሎት እንዲያገኙ ወልድያ ድረስ አብሬያቸው እሄድ ነበር።

«አስቤበታለሁ፤ ከአብዱሰመድም ጋር ተነጋግረናል። ይምጣ» አለች። «የፈለግሁት አልነበረም፤ የጠላሁት ግን አይደለም።»

ሆዷ ሲገፋ ሰው ማውራት ጀመረ። የመርፌዋ ሲቲ አረገዘች! ወንዝ ዳር ሴቶቹ እየሳቁ «ለኛ መርፌ፣ ለራሷ ልጅ» ይሏታል፤ ያ ሳቅ ፍቅር ነበረበት። ክፉም ወሬ ግን ነበር፤ መርፌው እንደማይሠራ ራሷ ማረጋገጫ ሆነች የሚሉ ተነሡ፣ ሁለት ሴቶችም ቀጠሯቸውን ቀሩ። መርሳ ላይ በተደረገ ስብሰባ አንድ ኃላፊ «አስተማሪዋ ከወደቀች ተማሪዎቹን ማን ያሳልፋቸዋል?» ብሎ ቀለደ። አዳራሹ ሳቀ። ደሜ ፈልቶ ልነሣ ስል ሲቲ ጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

«እውነቱን ብትናገሪ ያፍራል እኮ!» አልኳት ስንወጣ።

«ብናገር ቀበሌዬ ትንሽ ናት። ማን ኪኒን ወሰደ፣ ለምን ወሰደ፣ ሁለት ቀን ሳይሞላ ይደርሱበታል። የኔ ነገር ሲስቁበት ያልቃል። የሷ አያልቅም።»

ሐምሌ 2014 አንድ ቅዳሜ ጠዋት ምጥ ያዛት። ጤና ጣቢያው ገና አልጋ አልመጣለትም ነበር፤ ሴቶችን መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈን ነበር የምናዋልደው። አብዱሰመድ እሷን ይዞ ሲመጣ ከኋላው አራት ወንዶች የጠፍር አልጋ ተሸክመው ይከተላሉ። ከፊት አለሚቱ በምርኩዝ ይመራሉ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ማሩ ነው፤ ከደሴ በሰላም ተመልሶ ነበር።

«እማ፣ የሠርግሽ አልጋ እኮ ነው» ይላል ላቡን እየጠረገ፤ «ለሲቲ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው? ውሻ ስታስነክሻት አልነበር?»

«እግርህን እያየህ ሂድ፣ እንዳትጥለው» አሉት አለሚቱ።

ሲቲ በዚያ አልጋ ላይ ከቀትር በፊት ሴት ልጅ ወለደች። አለሚቱ እጇን ይዘው ነበር፤ የሲቲ ምጥ ሲበረታ እመቤቴን ይጠራሉ፣ ሲቲ አላህን ትጠራለች፣ እኔ ሁለቱንም ሰምቼ ዝም ብዬ ሥራዬን እሠራለሁ። ልጅቱን ሉብና አሏት። አለሚቱ ሕፃኗን ታቅፈው ደጅ ወጡና ምራታቸው ክንድ ላይ አስቀመጧት። ያን ጊዜ የምራታቸውን ዐይን ስላየሁ፣ ሲቲ ያልነገረችኝን ስም አወቅሁ። ማንንም አልጠየቅሁም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከማሩ ጋር ወደ ሌላ አገር ሊሄዱ ሲዘጋጁ፣ ምራቲቱ ራሷ መጥታ ሁሉን ነገረችኝ። ምርመራዋ ደኅና እንደነበረ፣ ለማሩም ራሷ እንደነገረችው አወራችኝ። አንዱን ልጅ አዝላ፣ አንዱን በእጇ ይዛ ነበር። «ሲቲ ሲሳቅባት ዝም ማለቴ ይቆጨኛል» አለችኝ። «ስሜን ሳትጠሪ ታሪኳን ጻፊላት።» ይኸው ጻፍኩ።

ሉብና አርባ አምስት ቀን ሲሞላት ሲቲ አዝላት መጣች። የመከላከያ ዕቃ ደርሶን፣ መደርደሪያው እንደገና ሞልቶ ነበር።

«ሉፕ አስገቢልኝ» አለችኝ።

ደነገጥኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሉፕ የሚባለውን በማሕፀን የሚቀመጥ መከላከያ ያስገባሁላት ከላይኛው ቀበሌ የመጣች ሴት አልነበረችም። ማሕፀን ውስጥ ገብቶ ወደ ልብ ይሄዳል ይሉታል።

«አንቺ እኮ ነሽ አይሄድም ብለሽ የምታስተምሪው» አልኳት፤ «ለምን እስከ ዛሬ አልወሰድሽውም?»

«እኔስ ብፈራው? አይሄድም እያልኩ ሳስተምር፣ ቢሄድስ እል ነበር» አለችና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «አሁን ግን ጦርነት ቢመጣ፣ መድኃኒት ቤት ቢዘጋ የማያልቅብኝ ነገር ነው የምፈልገው።»

ጓንቴን ላደርግ ስል እጄን ያዘችኝ። «መጀመሪያ ንገሪኝ እንጂ። እንደማላውቅ አድርገሽ ሁሉንም።»

ወንበር ስቤ ከፊቷ ተቀመጥኩ። ምን እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቁርጠት ሊኖር እንደሚችል፣ ባልፈለገችው ቀን ላወጣላት እንደምችል አንድ በአንድ ነገርኳት። እሷ አንገቷን እየነቀነቀች፣ አንዳንዴም የረሳሁትን እያስታወሰችኝ አዳመጠች። አስገባሁላት። ከአልጋው ወርዳ ጥቂት ቆመች፤ ወዲያ ወዲህ ተራመደች።

«ይኼው ነው?» አለች።

«ይኼው ነው።»

በሚቀጥለው ወር ከላይኛው ቀበሌ ስድስት ሴቶች ሉፕ ብለው መጡ። ዘሀራ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ጀብሪል በሩ ላይ ሆኖ ይጠብቃታል። ሲቲ አሁንም እዚያው ጤና ኬላ ናት፤ አዲስ በር ተገጥሞለታል። እኔ ወልድያ ከተዛወርኩ ወዲህ ስልክ ስደውልላት ብዙ ጊዜ አታነሣም፤ ስታነሣም ከኋላዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማል፣ «ፍሬ፣ ሰው ይዣለሁ፣ ቆይተሽ» ብላ ትዘጋዋለች።